ቤንዚኑ የት ላይ ቀረ? ካርቡሬተር ያላቸው የቆዩ ፒክአፖች መንገድ ላይ ሲቆሙ ምን እንመርምር

ባለፈው በጋ ለአንድ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ወደ አንዲት የገጠር አጥቢያ በሄድሁበት ጊዜ የሰበካ ጉባኤው አባላት ለስብሰባ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጀንዳው አንድ ነበር፤ የአጥቢያዋ ፒክአፕ ሞተር እንዲከፈት ገንዘብ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚል። መኪናዋ በቤንዚን የምትሠራ ቶዮታ ሂሉክስ ናት፤ ካርቡሬተር ያላት፣ በዕድሜም ከደብሩ ዲያቆናት የምትበልጥ። ጠዋት ስትነሣ ደኅና ትሄዳለች፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጓዘች በኋላ ግን ኃይሏ ይደክማል፣ ትንገጫገጫለች፣ በመጨረሻም ቀጥ ትላለች። ጥቂት ካረፈች ደግሞ ምንም እንዳልነካት ሆና ትነሣለች። አንድ ጋራዥ ካርቡሬተሯን ለውጦ ነበር፤ ችግሩ ግን አልተወገደም። ሁለተኛው ጋራዥ «ሞተሩ ደክሟል፣ ይከፈት» አለ። በዚህ መካከል ምጥ የያዛት አንዲት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ መኪናዋ ዳገት ላይ ቆመችና የቀረውን መንገድ በቃሬዛ ተሸክመው ለመውሰድ ተገደዱ። እናቲቱ በሰላም ተገላግላለች፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ወዲህ በመኪናዋ የሚተማመን ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ወደ ምንጩ ስንወጣ መኪናዋ እንደ ልማዷ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆመች። ሹፌሩ ኮፈኑን ሊከፍት ሲወርድ አስቀድሞ የሳልባትዮውን ክዳን እንዲፈታ ለመንሁት። ክዳኑ ሲላላ አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ «ፉሽ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሞተሩን ብናስነሣው ብዙም ሳይቆይ ተነሣ። ክዳኑን ገልብጠን አየነው። የመጀመሪያው ክዳን ጠፍቶ በምትኩ የተገዛው ልክ አልሆን ስላለ፣ ቤንዚን እንዳይሸትና እንዳይፈስ ተብሎ በፌስታል ተጠቅልሎ የተጠመዘዘ ነበር። ፌስታሉ የክዳኑን መተንፈሻ ደፍኖታል። ከሳልባትዮ ቤንዚን በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ አየር ካልገባ ውስጡ ይታፈንና ፖምፓው ቤንዚኑን ለመሳብ አቅም ያጣል። መኪናዋ ስታርፍ አየር በጥቂት በጥቂቱ ሾልኮ ስለሚገባ «ተሽሏት» ትነሣለች። ለሞተር መክፈቻ ሊፈቀድ የነበረው ገንዘብ ሳይነካ፣ ልክ የሚሆን ክዳን ተገዝቶ ነገሩ በዚያው አበቃ።

ይህን ማንሣቴ መካኒኮችን ለመንቀፍ አይደለም። መካኒኩ የሚያየው መኪናው በቆመበት ሰዓት የተነገረውን ነው፤ የተነገረውም «ቤንዚን አይደርሳትም፣ ካርቡሬተሩ ነው» የሚል ነበር። ካርቡሬተር ግን ቤንዚኑ በሚጓዝበት መንገድ መጨረሻ ላይ የሚገኝ ዕቃ ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን አስቀድሞ መፍታት፣ ቧንቧ ላይ ውኃ ጠፋ ብሎ ምንጩን ሳያዩ ቧንቧውን እንደ መንቀል ነው። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ከመፍቀዱ በፊት፣ ሹፌሩና የንብረት ኃላፊው ቤንዚኑን ከክዳኑ ጀምረው እስከ ካርቡሬተሩ በቅደም ተከተል እንዲከተሉት እመክራለሁ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ንጹሕ የመስታወት ጠርሙስና ትዕግሥት ብቻ ነው።

የቤንዚኑ መንገድ የሚከተለው ነው። ቤንዚኑ በሳልባትዮው ውስጥ ካለችው ወንፊት በቀጭን የብረት ቱቦ አድርጎ ከመኪናው ሥር ወደ ፊት ይመጣል፤ በነዳጅ ፊልትሮ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ፖምፓው ይገባል። በእነዚህ የቆዩ መኪናዎች ላይ ያለው ፖምፓ አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አይደለም፤ ከሞተሩ ጎን የታሰረ ሆኖ፣ በሞተሩ ውስጥ ያለ ዘንግ ክንዱን እየገፋ፣ በውስጡ ያለችውን ስስ የጎማ ሽፋን ከፍ ዝቅ በማድረግ የሚስብ ነው። ግፊቱ ትንሽ ነው፤ በአብዛኛው ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ቢሆን ነው። ከፖምፓው የወጣው ቤንዚን በጎማ ቱቦ ወደ ካርቡሬተሩ ማጠራቀሚያ ይገባል። በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብላ መግቢያውን በመርፌ ትዘጋለች፤ ሲጎድል ትከፍታለች።

በዚህ መንገድ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ነገር ከፖምፓው በስተኋላ ያለው ክፍል የሚሳብ፣ በስተፊት ያለው ደግሞ የሚገፋ መሆኑ ነው። በሚገፋው በኩል ያለ ስንጥቅ ቤንዚን ያፈስሳል፤ ስለዚህ ይታያል፣ ይሸታል። በሚሳበው በኩል ያለ ስንጥቅ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳያፈስስ አየር ይስባል። ብዙ ሰዎች «የሚፈስ ነገር የለም፣ ቱቦው ደኅና ነው» ብለው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት ስለ እሳት አንድ ነገር መናገር ግድ ይላል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሳባል፤ እሳት ለመያዝም ሙቀት አይፈልግም፣ በብርዳማ ደጋ ሌሊትም ቢሆን ይያዛል። ስለዚህ ምርመራው የሚደረገው ከቤት ውጭ፣ ሞተሩ በርዶ፣ የሚጨስ ሲጋራም ሆነ የማዕጠንት ፍሕም በአካባቢው በሌለበት ነው። ባልዲ ሙሉ አሸዋ ወይም የእሳት ማጥፊያ በአጠገብ ይኑር። ሞተር ለማስነሣት በካርቡሬተሩ አፍ ቤንዚን ማፍሰስ በየመንገዱ የተለመደ ቢሆንም ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተነፍስ የሰው ፊት ያቃጠለበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ጀሪካን ከሹፌሩ ጎን አስቀምጦ በቱቦ ወደ ካርቡሬተሩ እያወረዱ መንዳትም እንዲሁ መከልከል ያለበት ነው። ቤንዚንን በአፍ መሳብስ? ወደ ሳንባ የገባች ጥቂት ጠብታ ከባድ የሳንባ ሕመም ታስከትላለች። የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስመልስ ሳይገደድ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ችግሩ በእርግጥ የቤንዚን ነውን የሚል ነው። የኤሌክትሪክ ችግር አብዛኛውን ጊዜ መብራት እንደሚጠፋ በድንገት ይመጣል፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ቀጥ ይላል። የቤንዚን እጥረት ግን ያስጠነቅቃል፤ መኪናው ይደክማል፣ ይንገጫገጫል፣ በተለይ ዳገት ሲወጣና ጭነት ሲኖረው ይብሳል፣ ፔዳሉን ለቀቅ ሲያደርጉለት ጥቂት ይሻለዋል። ይህ ልዩነት ፍጹም ባይሆንም ጠቃሚ ነው፤ ስለዚህ ሹፌሩ «ቆመች» ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደ ቆመች እንዲናገር ጠይቁት።

ቀጥሎ ያለውን ምርመራ ማንም ሊያደርገው ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የአየር ማጣሪያው ክዳን ይነሣና፣ አንድ ሰው የቤንዚን መስጫውን ፔዳል ረገጥ ለቀቅ ሲያደርግ ሌላው ከላይ፣ ፊቱን ሳያቀርብ፣ ወደ ካርቡሬተሩ አፍ ይመልከት። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ቢረጭ በማጠራቀሚያው ውስጥ ቤንዚን አለ ማለት ነው። ምንም ካልረጨ ምናልባት ማጠራቀሚያው ደርቋል። በብዙ የቶዮታ ካርቡሬተሮች ጎን ደግሞ የቤንዚኑን ከፍታ የምታሳይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለች፤ በመስታወቷ ላይ ካለው ምልክት አካባቢ መሆን አለበት። ይህች መስኮት በአቧራና በዘይት ስለምትሸፈን ለዓመታት ማንም ሳያያት ትኖራለች፤ በጨርቅ ብትጠረግ ብዙ ነገር ትናገራለች። መኪናው በቆመበት ቅጽበት መስኮቷ ሙሉ ከሆነች ቤንዚኑ እስከ ካርቡሬተሩ ደርሷል፤ ባዶ ከሆነች ግን ካርቡሬተሩን መፍታት ዋጋ የለውም፣ ጥፋቱ ከኋላ ነው።

ጥፋቱ ከኋላ ከሆነ ከክዳኑ እንጀምራለን። ክዳኑን ፈትቶ አየር ሲሳብ መስማት፣ ከዚያም መኪናው ይነሣ እንደ ሆነ ማየት በቂ ነው። መፍትሔው ግን ክዳኑን አላልቶ መንዳት እንዳልሆነ ይታወቅ፤ ቤንዚን ያንጠባጥባል፣ አቧራና ዝናብም ያስገባል።

ከክዳኑ ቀጥሎ ሳልባትዮው ነው። የቆየ የብረት ሳልባትዮ በተለይ ዘወትር ከግማሽ በታች ሆኖ ከኖረ፣ ባዶው ክፍል በሌሊት ቅዝቃዜ ጤዛ ይይዛል፣ ጤዛውም ከሥር ይጠራቀማል፣ ብረቱም ይዝጋል። ዝገቱ ወንፊቱን ይሸፍናል። የዚህ ምልክቱ መኪናው ለጥቂት ጊዜ ሄዶ መቆሙና፣ ሲያርፍ ዝገቱ ከወንፊቱ ላይ ስለሚረግፍ እንደገና መነሣቱ ነው። ይህ ከተደፈነው ክዳን ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ክዳኑን መክፈት አለመጥቀሙ ነው። ከሳልባትዮው ሥር ባለው ማፍሰሻ ቡሎን ጥቂት ቤንዚን ወደ መስታወት ጠርሙስ ቀድቶ ለሩብ ሰዓት ማስቀመጥ ነው። ውኃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል፤ ዝገትም ካለ እንደ ቡና አተላ ይዘቅጣል። በዚህ ጊዜ ፊልትሮ መለወጥ ብቻውን የጥቂት ሳምንት መፍትሔ ነው፤ ሳልባትዮው ወርዶ መታጠብ አለበት። በሳልባትዮ ላይ ብየዳ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን በዚህ ሥራ ልምድ ላለው ባለሙያ ብቻ ይሰጥ፤ ቤንዚኑ የወጣለት ሳልባትዮ ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው፣ በውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳልና።

ፊልትሮው ርካሽ ስለሆነ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ፖምፓው አቅጣጫ ይሁን፤ የተለወጠበት ቀንም ይጻፍበት።

ከፊልትሮው ጋር የተያያዙት የጎማ ቱቦዎች ግን ትኩረት ይሻሉ። ቱቦውን አጠፍ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ ፊቱ እንደ ደረቀ መሬት ከተሰነጣጠቀ ወይም ጫፉ ላልቶ በእጅ የሚሽከረከር ከሆነ ይለወጥ። በምትኩ የሚገባው ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ ቱቦ ነው። የውኃ ቱቦ ወይም ከሕክምና መስጫ የተገኘ የፕላስቲክ ቱቦ በቤንዚን ይደርቃል ወይም ያብጣል፤ አንዳንዱም ከውስጥ ተልጦ መንገዱን ይዘጋል፣ ከውጭ ሲታይ ግን ደኅና ይመስላል። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀምሮ፣ ኋላም ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ እንደ ነበር የሚታወስ ነው። ኢታኖል የቆዩ የጎማ ክፍሎችን ያለሰልሳል፣ በሳልባትዮ ግድግዳ ላይ የኖረውንም ቆሻሻ ያስለቅቃል፣ ውኃም ይስባል፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን ያለፈ የቆየ መኪና ቱቦዎቹና የፖምፓው ጎማ ተለውጠው እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፖምፓውን ለመመርመር በመጀመሪያ የሞተሩን የዘይት መለኪያ ዘንግ ማውጣት ነው። የፖምፓው የጎማ ሽፋን ከተቀደደ ቤንዚን ወደ ሞተር ዘይት ይፈስሳል፤ ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ይላል፣ ቤንዚንም ይሸታል። እንዲህ ከሆነ መኪናው ፖምፓውና ዘይቱ ሳይለወጡ አይነሣ፤ የቀጠነ ዘይት ሞተሩን በአጭር ጊዜ ያጠፋዋል። ያኔ የሞተር መክፈቻው ገንዘብ እውነትም ያስፈልጋል። ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባው ቱቦ ይነቀልና ጫፉ ወደ ጠርሙስ ይግባ፤ ብልጭታ እንዳይኖር የኮይሉ ሽቦ ይነቀል፤ ከዚያ ሞተሩ በሞቶሪኖ ለ10 ሰከንድ ያህል ይዙር። ቤንዚኑ በየምቱ በኃይል ቱፍ ቱፍ ማለት አለበት። ደካማ ከሆነ ወይም አረፋ ከበዛው፣ አዲስ ፖምፓ ከመግዛት በፊት ከፖምፓው ኋላ ያሉትን ቱቦዎች ዳግመኛ ማየት ይገባል፤ አረፋው የአየር ምልክት ነውና።

በሙቀት ጊዜ ብቻ የሚታይ ሌላ ችግርም አለ። ቤንዚን የልዩ ልዩ ፈሳሾች ድብልቅ ነው፤ ቀላል የሆኑት ክፍሎቹ ከ40 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት መፍላት ይጀምራሉ። በደጋው ደግሞ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ መፍላቱ ይበልጥ ይፈጥናል፤ በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በዓባይ በረሃ ያለፈ ሹፌር ይህን በተግባር ያውቀዋል። መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ከድልድዩ በኋላ ደግሞ ሞተሩ ጭነት ይዞ በቀስታ ያንኑ ያህል ይወጣል። በዚህ ጊዜ ቤንዚኑ በፖምፓውና በቱቦው ውስጥ ይተንናል፤ ፖምፓው ደግሞ ፈሳሽን እንጂ ትነትን መግፋት አይችልም። መፍትሔው ከመንገድ ወጣ ብሎ መቆም፣ ኮፈኑን መክፈት፣ እርጥብ ጨርቅ በፖምፓውና በቱቦው ላይ ማድረግና ግማሽ ሰዓት ያህል መታገሥ ነው። በተደጋጋሚ የሚደርስ ከሆነ ቱቦው ከጭስ ማውጫው ጋር ተጠግቶ እንደ ሆነ፣ በፖምፓውና በሞተሩ መካከል የሚገባው ሙቀት መከላከያ ወፍራም ጋስኬትም በጥገና ጊዜ ሳይመለስ ቀርቶ እንደ ሆነ ይታይ። ይህ ጋስኬት ብዙ ጊዜ «ትርፍ ዕቃ» መስሎ ይጣላል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ቤንዚኑ እስከ ካርቡሬተሩ በደኅና መድረሱ ሲረጋገጥ ነው ካርቡሬተሩ የሚከፈተው። በዚያም ጊዜ ከመለወጥ በፊት ማጽዳት ይቀድማል። መካኒኮች ጂግለር የሚሏቸው ቀዳዳዎች እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትደፍናቸዋለች፤ በአየር ግፊትና በማጽጃ ፈሳሽ እንጂ በሽቦ አይወጉም፣ ሽቦ ያሰፋቸዋልና። መርፌዋ ቆሻሻ ይዟት ካልዘጋች ቤንዚኑ ይትረፈረፋል፤ ጥቁር ጭስ፣ ጠንካራ የቤንዚን ሽታና የራሱ ካንዴላ ምልክቶቹ ናቸው። ተንሳፋፊዋም ተበስታ ቤንዚን ከገባባት ትሰምጣለች፤ በጆሮ አጠገብ ሲነቀንቋት ውስጧ ያለው ይሰማል።

ሞተሩ ተነሥቶ በሚኒሞ አልቆም የሚል ከሆነ ግን ካርቡሬተሩን ከመንቀል በፊት በጎኑ ያለችውን ሽቦ የገባባትን ትንሽ የኤሌክትሪክ መዝጊያ ፈትሹ። ቁልፉ ሲከፈት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ማሰማት አለባት። ድምፅ ከሌላት ሽቦዋ ተነቅሎ ወይም ፊዩዙ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። በዚህች ሽቦ ምክንያት ጤናማ ካርቡሬተር ሲጣል አይቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ቤንዚን አቀማመጥ። ማደያ ሩቅ በሆነባቸው አካባቢዎች ቤንዚን በጀሪካን ተገዝቶ፣ ቁልፍ ያለበት አስተማማኝ ቦታ እርሱ ነው በሚል በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ሲቀመጥ አይቻለሁ። ዕቃ ቤቱ አልባሳት፣ የብራና መጻሕፍት፣ ጧፍና ዕጣን ያለበት፣ አንዳንዴም መብራት ተይዞ የሚገባበት ነው። ከአንድ ጀሪካን የሚሾልክ ትነት የትውልዶችን ቅርስ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያጠፋ ይችላል። ቤንዚን ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ከሕንፃዎች የራቀ፣ አየር የሚገባበት፣ ለብቻው የሚቆለፍ ትንሽ ቤት ይሠራለት፤ መያዣውም በደንብ የሚዘጋ ለነዳጅ የተሠራ ጀሪካን ይሁን። ማደያ ላይ ጀሪካን ሲሞላም በመኪናው ጭነት ላይ እንዳለ ሳይሆን መሬት ላይ ወርዶ ይሞላ። በጀሪካን የመጣውን ቤንዚን ወደ ሳልባትዮ ስትገለብጡ በጥሩ ማጥለያ አጥልሉት፤ የዝገትና የውኃ ችግር ግማሹ የሚመጣው በዚህ በኩል ነውና።

ለሰበካ ጉባኤያት የምለው የመጨረሻው ነገር ከመዝገብ ጋር የተያያዘ ነው። መኪናው ወደ ጋራዥ ሲላክ ሹፌሩ መቼ፣ በምን ዓይነት መንገድ፣ ስንት ደቂቃ ከተጓዘ በኋላ እንደ ቆመና ከላይ ካሉት የትኞቹ እንደ ታዩ በአንድ ገጽ ጽፎ ለመካኒኩ ይስጥ። ዕቃ ተለወጠ ሲባልም አሮጌው ዕቃ ከደረሰኙ ጋር ተመልሶ በንብረት ክፍል ይመዝገብ። ያቺ አጥቢያ ክዳኑን ካስተካከለች በኋላ ገንዘብ ያዡ በመጀመሪያው ጋራዥ የተነሣው ካርቡሬተር የት እንዳለ ጠየቁ። ያስመለሰው አልነበረም። አሁን በመኪናዋ ላይ ያለው ያገለገለ ካርቡሬተር ነው፤ ደኅናው የማን መኪና ላይ እንዳለ አይታወቅም።